ልጅዎ በአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት እንዲወዳደር የትምህርት ብቁነቱን እንዴት ይከታተሉ?

አሰልጣኝ ልጁን ወደደው፣ ኮሌጁም ተቀበለው ማለት ይወዳደራል ማለት አይደለም። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ ኮሌጆችን በሦስት ዲቪዥን (የውድድር ደረጃ) ይከፍላል፤ ለዲቪዥን 1 እና ለዲቪዥን 2 ስፖርት የትምህርት ማስረጃውን መርምሮ የሚያጸድቀው የኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል ነው። ማዕከሉ የሚቆጥረው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ስለሆነ 12ኛ ክፍል ላይ የሚጀመር ክትትል አብዛኛውን ጊዜ የረፈደ ነው። ዲቪዥን 3 ግን የተማሪውን ብቁነት ለየኮሌጁ ትቶታል፤ በስፖርት ችሎታ የሚሰጥ ስኮላርሺፕም የለውም።

ዲቪዥን 1 የሚጠይቀው 16 ኮር ኮርሶችን (ማዕከሉ የሚቆጥራቸውን ዋና ዋና ትምህርቶች፣ አንዱ የአንድ ዓመት ትምህርት) ነው። 4 ዓመት እንግሊዝኛ፣ 3 ዓመት ሒሳብ (ከአልጀብራ 1 ጀምሮ)፣ 2 ዓመት ሳይንስ፣ 2 ዓመት የማኅበራዊ ሳይንስ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብ ወይም ከሳይንስ 1 ተጨማሪ ዓመት፣ የቀሩት 4 ደግሞ ከእነዚሁ ወይም ከውጭ ቋንቋ፣ ከፍልስፍናና ከመሳሰሉት ይመረጣሉ። ዲቪዥን 2 ቁጥሩን 16 ላይ ቢተወውም እንግሊዝኛውን ወደ 3፣ ሒሳቡን ወደ 2 ዝቅ ያደርግና ተጨማሪውን ወደ 3 ያሳድገዋል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ለምረቃ የሚቆጠር ክሬዲት ሁሉ ኮር ኮርስ አይደለም። ስፖርት፣ ጤና፣ ሙዚቃ፣ የመንጃ ትምህርትና የሙያ ሥልጠና አይቆጠሩም። እንግሊዝኛና ሒሳብም ቢሆኑ ከክፍሉ ደረጃ በታች የተሰጡ ማካካሻ ትምህርቶች ከሆኑ አይቆጠሩም። እያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በማዕከሉ ድረ ገጽ ላይ የጸደቁ ኮርሶች ዝርዝር አለው። ትራንስክሪፕቱን (የትምህርት ውጤት ማስረጃውን) እና ዝርዝሩን ጎን ለጎን አስቀምጠው የኮርሱን ስም አንድ በአንድ ያመሳክሩ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆኑ ተማሪዎች የሚሰጠውን ክፍል በተለይ ይመልከቱ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ሁለት ዓመት ቢማሩትም ከ4ቱ የእንግሊዝኛ ዓመታት አንዱንም አይሸፍንም። ኢንተርኔት ላይ የሚወሰድ ኮርስም ከመመዝገብ በፊት መጣራት አለበት፤ ከአስተማሪ ጋር መደበኛ ግንኙነት የሌለውና የጊዜ ገደብ ያልተቀመጠለት ኮርስ ተቀባይነት የለውም።

ጂፒኤውን (የኮር ኮርሶቹን አማካይ ነጥብ) ራስዎ ማስላት ይችላሉ። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነጥብ ነው፤ ፕላስና ማይነስ አይታይም። የአንድ ሴሚስተር ኮርስ ግማሽ ዩኒት ስለሆነ ነጥቡም በግማሽ ይያዛል። ዲቪዥን 1 ቢያንስ 2.3፣ ዲቪዥን 2 ቢያንስ 2.2 ይፈልጋሉ። 2.3 በ16 ሲባዛ 36.8 ነጥብ ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ የተጻፈው አጠቃላይ ጂፒኤ ግን ሙዚቃውንም ስፖርቱንም ደምሮ ስለሚያሳይ በእሱ መተማመን ያዘናጋል።

በዲቪዥን 1 የሚያጠምደው ሌላው ሕግ የ10 እና የ7 ሕግ ነው። ሰባተኛው ሴሚስተር፣ ማለትም 12ኛ ክፍል፣ ከመጀመሩ በፊት 10 ኮር ኮርሶች መጠናቀቅ አለባቸው፤ ከ10ሩ 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ መሆን አለባቸው። ከዚያ በኋላ ውጤታቸው ተቆለፈ፤ ደግሞ ማሻሻል አይቻልም። በእነዚያ 10 ኮርሶች 21 ነጥብ ብቻ የያዘ ተማሪ በቀሩት 6 ኮርሶች 15.8 ማምጣት አለበት፤ ይህም ቢያንስ 4 ቢ እና 2 ሲ ነው። ስለዚህ ደካማ ውጤት የሚደገመው ከ11ኛ ክፍል በኋላ ባለው ክረምት ሳያልፍ ነው። በ2.0 እና በ2.3 መካከል የቀረ ተማሪ ልምምድ መሥራትና ስኮላርሺፕ መቀበል ቢችልም በመጀመሪያው ዓመት አይወዳደርም።

የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎቹ ኤስኤቲና ኤሲቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 2023 ወዲህ ለኤንሲኤኤ ብቁነት አይጠየቁም፤ ኮሌጁ ግን ለራሱ ቅበላ ሊጠይቅ ይችላል።

ከሌላ አገር ለሚመጣ ማስረጃ የየዓመቱ ውጤት በተጻፈበት ቋንቋ፣ ከተረጋገጠ የመስመር በመስመር የእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ይቀርባል። የዲቪዥን 1 የአራት ዓመት ቆጠራ ከ9ኛ ክፍል መጀመሪያ አንሥቶ ስለሚሄድ 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍልን እንዲደግም የተመደበ ተማሪ ጊዜው እያለቀበት ነው፤ ካውንስለሩን (የትምህርት ቤቱን አማካሪ) ምደባውን ከመቀበልዎ በፊት ያነጋግሩ። ትራንስክሪፕቱን ለማዕከሉ የሚልከው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ልጁ ሁለት ሦስት ትምህርት ቤት ከቀየረ ከሁሉም መላክ አለበት። በመስከረም አካባቢ ኮሌጅ ለሚገባ ተማሪ የአማተርነት (ተከፋይ ፕሮፌሽናል ስፖርተኛ ያለመሆን) የመጨረሻ ማረጋገጫ የሚጠየቀው ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ነው።

ኮሌጅ ከገቡ በኋላ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይጀምራል። በዲቪዥን 1 በየሴሚስተሩ ቢያንስ 12 ክሬዲት መመዝገብ፣ 6 ክሬዲት ማለፍ፣ በመደበኛው የትምህርት ዓመት (ያለ ክረምት) 18፣ ሁለተኛው ዓመት ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ክረምቱን ጨምሮ 24 ክሬዲት ማግኘት ግዴታ ነው። በውድድር ወቅት አንድ ኮርስ ድሮፕ አድርጎ ወደ 11 ወይም 9 ክሬዲት የወረደ ተማሪ ወዲያውኑ ከውድድር ውጭ ይሆናል፤ ለመመረቅ የቀረው ከ12 በታች ከሆነ ግን ነጻ ሊወጣ ይችላል።

ሦስተኛው ዓመት ሲጀመር የዲግሪው 40 በመቶ፣ አራተኛው ሲጀመር 60፣ አምስተኛው ሲጀመር 80 በመቶ መጠናቀቅ አለበት። ለ120 ክሬዲት ዲግሪ ይህ 48፣ 72 እና 96 ነው። ሜጀርም (ዋናው የትምህርት መስክ) እስከ ሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ መታወቅ አለበት። 60 ክሬዲት ይዞ ወደ ኢንጂነሪንግ የዞረ ተማሪ ለአዲሱ ዲግሪ የሚቆጠሩለት 40 ብቻ ከሆኑ፣ ውጤቱ ያማረ ቢሆንም አይወዳደርም። ትምህርት ክፍሉ ቢያንስ ሲ የሚጠይቅበትን ኮርስ በዲ ማለፍም እንዲሁ ነው፤ ክሬዲቱ አለ፣ ለዲግሪው ግን አይቆጠርም። ኮሌጅ በመቀየር ላይ ያለ ተማሪም አዲሱ ኮሌጅ የትኞቹን ክሬዲቶች ለየትኛው ዲግሪ እንደሚቀበል ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ።

ተማሪው መስፈርቱን ሳያሟላ ከቀረና በቂ ምክንያት ካለ፣ ልዩ ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ አለ። ማመልከቻውን የሚያቀርበው ግን ሊያስገባው የፈለገው ኮሌጅ እንጂ ቤተሰቡ አይደለም፤ የሕክምናም ሆነ የትምህርት ቤት ማስረጃ ካለ ለኮሌጁ የብቁነት ጉዳይ ክፍል በጊዜ ያድርሱ።