የዳክዬ መጥሪያ እንጨት ሲቀለም የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

አሜሪካ ውስጥ ዳክዬ አዳኞች እየነፉ ዳክዬ የሚጠሩባት እጅ ውስጥ የምትገባ የእንጨት ፊሽካ አለች። አርካንሳ ክፍለ ግዛት ስቱትጋርት ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮና ይካሄድባታል። ለማቅለም የምመርጠው ሜፕል እንጨት ነው፤ ነጣ ያለ ስለሆነ ቀለሙን አጉልቶ ያሳያል፣ ጥፋቱንም እንደዚያው። መልኩ ሲበላሽ ሁሉም የሚወቅሰው ማቅለሚያውን ነው። እኔ ያየሁት ግን አብዛኛው ጥፋት ከማቅለሙ በፊት ወይም ቫርኒሹ ላይ ነው።

ዙሪያውን ክብ ክብ ጭረት ብቅ አለ

ሳይቀለም ጥርት ያለ ይመስል ነበር። ቶርኖው እየዞረ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ወረቀቱ ቃጫውን አግድም ይጭረዋል፣ ቀለሙም እዚያ ይጠራቀማል። በ150፣ በ220 እና በ320 ቁጥር ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል) ስታሹ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ስትጨርሱ ቶርኖውን አጥፉና በእጃችሁ በርዝመቱ እሹት። ከዚያ አልኮል የነካ ጨርቅ አሳልፉበት፤ የተረፈ ጭረት ካለ እስኪደርቅ ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከ400 በላይ አትሂዱ፤ እንጨቱ ይወለወልና ቀለም መጠጣቱ ይቀንሳል።

ጫፉ ጠቆረ

ቃጫው የተቆረጠበት ጫፍ ቀለሙን እንደ ገለባ ይመጠዋል። አሁን የከለከልኳችሁ ነገር እዚህ ይጠቅማል፦ ጫፉን ብቻ እስከ 600 አሹት።

ቀለም ያልያዘ ነጭ ቦታ ካያችሁ ሱፐር ግሉ ፈሶበት ነው። ፍቃችሁ እንደገና ከማቅለም ሌላ መንገድ የለውም።

ቫርኒሹ ቀለሙን ጎትቶ አዥጎረጎረው

በአልኮል የተበጠበጠ ቀለም ላይ ሼላክ (ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራ ቫርኒሽ) በጨርቅ ከቀባችሁ፣ ሼላክም የሚሟሟው በአልኮል ስለሆነ ሥሩ ያለውን ይፈታዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስስ ንብርብሮች በስፕሬይ ርጩ፣ ሲደርቅ ቀጥሉ።

ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ

ይሄኛው አስለፍቶኛል። ቃጫው እንደ ሞገድ የተጠማዘዘ ሜፕል ላይ የሐይቅ ውሃ የመሰለ ሰማያዊ አወጣሁና የዘይት ቫርኒሽ ቀባሁበት፤ ዓይኔ እያየ ወደ አረንጓዴ ሄደ። ማቅለሚያው ምንም አልሆነም። የዘይት ቫርኒሽ ራሱ የማር መልክ አለው፣ ቢጫ በሰማያዊ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ነው። ጊዜ በሄደ ቁጥርም ይበልጥ ቢጫ ይሆናል። ለሰማያዊና ለሐምራዊ መልክ የሌለው አክሪሊክ ቫርኒሽ ተጠቀሙ፤ የማሩ መልክ ለቀይና ለቡናማ ያምራል። ሁልጊዜም ከዚያው እንጨት በተረፈ ቁራጭ ላይ ቀለሙንም ቫርኒሹንም ሞክሩ። ቀለሙን ብቻ መሞከር አይበቃም።

እንደ ኮኮቦሎ ያለ ቅባታም እንጨት ላይ ግን አትልፉ፤ ቀለም አይገባውም፣ የራሱ መልክም ይበቃዋል።

ምላሱን (ሲነፋ የሚንቀጠቀጠውን ስስ ቁራጭ) የያዘው ክፍል ወደ ዋናው ቀፎ አልገባ አለ

በውሃ የተበጠበጠ ቀለም እንጨቱን ያሳብጠዋል። እንዳበጠ ካሻችሁት፣ ሲደርቅ ይጠብና ይላላል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ፣ ከዚያ ለኩት። ለሚቀጥለው መጋጠሚያውን በፕላስተር ሸፍናችሁ አቅልሙ። ድምፁ የሚያልፍበትን ቦይም ቀለም አታስነኩት፤ ቃጫው ከተነሳ ድምፁን ያበላሸዋል።