ኳንተም ኮምፒውቲንግን ለብቻ ስትማሩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ገና መግቢያው ላይ ነው፤ «ኳንተም ኮምፒውተር ሁሉንም መልስ በአንድ ጊዜ ይሞክራል» የሚለውን አምኖ መጀመር። እውነት ቢሆን ኖሮ፣ በ1996 የወጣው የግሮቨር የኳንተም ፍለጋ አልጎሪዝም ከ1 ሚሊዮን ያልተደረደሩ ነገሮች መሀል የሚፈለገውን በአንድ እርምጃ ባገኘው ነበር። ግን 785 ገደማ እርምጃ ያስፈልገዋል።

ታዲያ ጉልበቱ ምኑ ላይ ነው? 0 ላይ ያለ አንድ ኪዩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር ቢት) ውሰዱ። ሃዳማርድ በሚባለው ጌት (ጌት ማለት የኪዩቢቱን ሁኔታ የሚለውጥ መሠረታዊ እርምጃ ነው) አሳልፉትና ለኩት። ወይ 0 ወይ 1 ይወጣል፣ ዕድሉ እኩል ነው። ሳንቲም የተወረወረ ይመስላል። አሁን እንደገና ከ0 ጀምራችሁ፣ መሀል ላይ ሳትለኩ በዚያው ጌት ሁለቴ አሳልፉት። ሁልጊዜ 0 ብቻ ነው የሚወጣው። ሳንቲም ሁለቴ ቢወረወር እንዲህ አይሆንም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ወደ 1 የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። የአንዱ አምፕሊትዩድ (ዕድሉ የሚሰላበት፣ ኔጌቲቭም ሊሆን የሚችል ቁጥር) ፖዘቲቭ ግማሽ፣ የሌላው ኔጌቲቭ ግማሽ ነው፤ ሲደመሩ ይጣፋሉ። ወደ 0 የሚያደርሱት ግን ሁለቱም ፖዘቲቭ ግማሽ ስለሆኑ 1 ይሞላሉ። የኳንተም አልጎሪዝም ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፦ የተሳሳተው መልስ እንዲጣፋ፣ ትክክለኛው እንዲጎላ አድርጎ ማቀናጀት። እባካችሁ ይህችን ስሌት በእጃችሁ ሳትሠሩ አትለፉ።

ሌላው ሒሳቡን «በኋላ እደርስበታለሁ» ብሎ መዝለል ነው። ከላይ ያየነው እኮ የ2 በ2 ማትሪክስ ብዜት ነው። ቬክተር፣ ማትሪክስና ኮምፕሌክስ ቁጥር መቅደም አለባቸው። በተቃራኒው፣ ፊዚክሱን በሙሉ ካልጨረስኩ አልጀምርም የሚልም አለ። የኳንተም ፊዚክስ መሠረት የሆነውን የሽሮዲንገርን እኩልታ መፍታት ሳትችሉም መጀመር ትችላላችሁ።

የቆየ ቪዲዮ እያዩ ኮድ መገልበጥም ጊዜ ይበላል። ኪስኪት የሚባለው የአይቢኤም የኳንተም ፕሮግራም መጻፊያ በ2024 ስሪት 1.0 ላይ ሲደርስ ኤክስኪዩት የሚባለውን ፈንክሽን አስወጥቶታል። የድሮ ትምህርቶች ደግሞ በእሱ የተሞሉ ናቸው። መጀመሪያ ቪዲዮው የትኛውን ስሪት እንደሚጠቀም እዩ።

በመጨረሻ፣ ወደ እውነተኛው ማሽን አትቸኩሉ። ለ20 ኪዩቢት ላፕቶፕ ላይ ያለ ሲሙሌተር (ኳንተም ኮምፒውተርን የሚያስመስል ፕሮግራም) ይበቃል፤ የሚይዘው ሜሞሪ 16 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሁለት ኪዩቢቶችን ውጤታቸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆን አቆራኝታችሁ ስትለኩ ሲሙሌተሩ 00 እና 11 ብቻ ይሰጣችኋል። እውነተኛው ማሽን ግን አልፎ አልፎ 01 እና 10 ይጨምራል። ጀማሪ ይሄን ሲያይ ኮዱን ደጋግሞ ያገላብጣል። ኮዱ ምንም አልሆነም፤ የተሳሳተው ማሽኑ ነው።