የቺካጎ ሆትስፖት ካርታ ናን ብቻ ሲያወጣ እንዴት እንደተስተካከለ

እዚህ ጋር ለተቸከለ ሰው ልጻፈው። ቺካጎ ከ2001 ጀምሮ ያለውን የወንጀል ዳታ በነፃ ትለቃለች፣ የስርቆቱን ብቻ ለይቼ ፓይተን ላይ የጌቲስና ኦርድን ጂ-ስታር (ሆትስፖት፣ ማለትም ወንጀል የተከማቸበትን ቦታ፣ የሚለይ ስሌት) ሳስኬደው ዜድ-ስኮሩ (ቦታው ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳየው ውጤት) ከላይ እስከታች ናን (NaN፣ «ቁጥር አይደለም» ማለት ነው)፣ ካርታው ባዶ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፋይሉ ላይ ያለው ላቲቲዩድና ሎንጊቲዩድ በዲግሪ ነው፣ የጎረቤት ርቀት 750 ስትሉት ሜትር መስሏችሁ ኮዱ 750 ዲግሪ አድርጎ ይወስደዋል፣ በቃ ከተማው በሙሉ እርስ በርሱ ጎረቤት ይሆናል፣ ሁሉም የሁሉም ጎረቤት ሲሆን ደግሞ ፎርሙላው ከላይም ከታችም ዜሮ ስለሚሆን ናን ይተፋል። ኤረር እንኳን አይሰጥም እኮ!

ነጥቦቹን በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ ዩቲኤም ዞን 16 ሰሜን (የመለያ ኮዱ ኢፒኤስጂ 32616)፣ ቀይሬ በ500 ሜትር ግሪድ (እኩል አራት ማዕዘን ሴሎች) ቆጠርኳቸው። ርቀቱ 750 የሆነው በሰያፍ ያለው ሴል መሃል ለመሃል 707 ሜትር ስለሚርቅ ነው፣ 8ቱም ጎረቤት እንዲገባ። ዜሮ ስርቆት ያለባቸውን ሴሎች እንዳትጥሉ፣ ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ያረፉትን ግን አውጡ፣ ውሃ ላይ ማን ይሰርቃል 😄

አሁን ይሰራል። ሉፕ (የቺካጎ መሃል ከተማ) አካባቢ ደም መስሎ ቢቀላ አትደንግጡ፣ ነዋሪው ትንሽ ነው ግን ቀን ቀን ሰራተኛና ጎብኚው ይተራመስበታል፣ በነዋሪ ብዛት ካካፈላችሁት ጭራሽ ይብስበታል። ግሪዱን 50 ሜትር ለማድረግም አትድከሙ፣ አድራሻው የሚወጣው በብሎክ ደረጃ እንጂ በትክክለኛው ቤት አይደለም።