ቪኤስ ኮድን በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ እንዴት እንጭናለን? አንዴ አውርዶ ለጎረቤት ማዳረስ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ወይም ለገጣፎ ተቀምጦ ኮድ ለመማር ለተነሣ ሰው መጫኑ ቀላሉ ሥራ ነው። "ኔክስት፣ ኔክስት" እያሉ መጫን ማንንም አያቅትም። የሚያስቸግረው ትክክለኛውን ፋይል መርጦ፣ ጥቅሉ ሳያልቅና መብራት ሳይሄድ ማውረዱ ነው። የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚማረው ልጅ በርክቷል፤ ሁሉም ግን በየስልኩ ሆትስፖት ያንኑ ፋይል ለየብቻ ያወርዳል። እኔ የምመክረው አንድ ሰው አንዴ አውርዶ አሰናድቶ ለሌላው በፍላሽ እንዲያድል ነው።

መሣሪያው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ነው፣ ባጭሩ ቪኤስ ኮድ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ያደረገው፣ በነፃ የሚገኝ የኮድ መጻፊያ ነው። ስሙን ልብ በሉ። "ቪዥዋል ስቱዲዮ" ብቻ የሚባል ሌላ ሶፍትዌር አለ፤ ምልክቱ ሐምራዊ ነው፣ ብዙ ጊጋባይትም ይበላል። የእናንተው ሰማያዊ ነው፤ መጫኛውም መቶ ሜጋባይት አካባቢ ነው። አንድ የጎረቤት ልጅ ሐምራዊውን ማውረድ ጀምሮ የወር ጥቅሉን በአንድ ምሽት ጨርሶታል።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን እዩት

ዊንዶውስ ከሆነ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ገብታችሁ "ሲስተም ታይፕ" የሚለውን መስመር አንብቡ። 64 ቢት ካለ ቀጥሉ። "32 ቢት ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ 64 ቢት ፕሮሰሰር" ካለ ግን ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፤ የተጫነበት ዊንዶውስ ነው ያነሰው። ሁለተኛ እጅ ላፕቶፕ ላይ ይህ ያጋጥማል። ቪኤስ ኮድ ለ32 ቢት ዊንዶውስ መውጣቱን እ.ኤ.አ. በ2023 በስሪት 1.83 አቁሟል፤ ስለዚህ ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጎ 64 ቢት ዊንዶውስ ይጫንበት።

ዊንዶውስ 7 የሚያስኬደው የመጨረሻ ስሪት 1.70 ነው፣ ዊንዶውስ 8 ደግሞ 1.79። አሮጌውን ስሪት ፈልጎ መጫን ይቻላል። እኔ ግን አልወደውም፤ አዳዲሶቹ ኤክስቴንሽኖች (ቪኤስ ኮድ ላይ የሚጨመሩ ተጨማሪ መሣሪያዎች) እሺ አይሉትም። እንደዚያ ካለ ላፕቶፕ ጋር ከመታገል ሊኑክስ ሚንት ጭኖ መገላገል ይሻላል። ራሙ ከ4 ጊጋባይት በታች ከሆነ ደግሞ ቪኤስ ኮድና ክሮም አብረው ሲከፈቱ ይንቀራፈፋል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ይበቃል፣ ማንም አይታማበትም።

ዊንዶውስ፦ የትኛውን ፋይል?

በማውረጃው ገጽ ላይ ትልቁን ሰማያዊ ቁልፍ ከተጫናችሁ የሚመጣው "ዩዘር ኢንስቶለር" ነው። የአስተዳዳሪ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ይጭናል። "ሲስተም ኢንስቶለር" ለኮምፒውተሩ ተጠቃሚዎች ሁሉ ይጭናል፣ ፈቃድም ይጠይቃል፤ ለትምህርት ቤት ላብራቶሪ ይሆናል። "ሲኤልአይ" የሚለውን አትንኩ፤ ትንሽ ስለሆነ ያጓጓል፣ ሲከፈት ግን ጥቁር መስኮት እንጂ መጻፊያ የለውም። የራሱ ላፕቶፕና ደህና ኢንተርኔት ያለው ሰው ዩዘር ኢንስቶለሩን ይጫን፣ "አድ ቱ ፓዝ" የሚለው ምልክት (ኮምፒውተሩ ፕሮግራሙን በስሙ እንዲያገኘው የሚያደርገው) እንዳለ ይተው፣ "ኦፕን ዊዝ ኮድ" የሚሉትን ሁለቱን ደግሞ ምልክት ያድርግባቸው። አለቀ።

እኔ የምጠቀመው ግን ከሥር በትንሽ ጽሑፍ የተቀመጠውን "ዚፕ" ነው። ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ እንደ እኛ ሰፈር ላለ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ዚፑ ሳይጫን ይሠራል፤ ቅንብሩንና ኤክስቴንሽኖቹን በራሱ አቃፊ ውስጥ እንዲይዝ ማድረግም ይቻላል። ማለትም አንዱ ላይ ሁሉንም አሟልታችሁ አቃፊውን ብትገለብጡት፣ ኢንተርኔት የሌለው ላፕቶፕ ላይ ያው ሆኖ ይከፈታል።

አሠራሩ ይህ ነው። ዚፑን አውጡ፤ ማለትም የታመቀውን ፋይል ወደ አቃፊ ፍቱት። ከዚያ ፕሮግራሙን ከመክፈታችሁ በፊት፣ በወጣው አቃፊ ውስጥ፣ ዋናው የፕሮግራሙ ፋይል ባለበት ቦታ፣ አዲስ አቃፊ ፍጠሩና "ዳታ" በሉት። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሾቹ፣ አራት ፊደል ብቻ (data) ሆኖ ይጻፍ። በአማርኛ ከጻፋችሁት ወይም አንድ ፊደል ከሳታችሁ ፕሮግራሙ ምንም አይላችሁም፤ ዝም ብሎ ይከፈታል፣ ኤክስቴንሽኖቹን ግን እናንተ ሳታዩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ቦታ ያስቀምጣል። ሰዎች "ገልብጬው ነበር እኮ፣ ባዶ ሆነ" የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ለማረጋገጥ አንድ ኤክስቴንሽን ጫኑና "ዳታ" የሚለውን ክፈቱት፤ ባዶ ከሆነ ስሙን አርሙ። ይህ ዘዴ በመጫኛ ለተጫነው ቪኤስ ኮድ አይሠራም፤ የግድ ዚፕ መሆን አለበት።

ኤክስቴንሽኖቹን፣ ለምሳሌ ፓይተን ለሚባለው የኮድ ቋንቋ የሚሆነውን፣ ኢንተርኔት እያለ እዚያው ጫኑ። ሲጨርስ ቪኤስ ኮድን ዝጉና አቃፊውን በሙሉ እንደገና ዚፕ አድርጉት። እንዲሁ ወደ ፍላሽ ብትጎትቱት በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ስላሉት ፍላሹ እስኪጨርስ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ይደርሳል። አንድ ዚፕ ከሆነ ቶሎ ያልቃል። ተቀባዩም እፍላሹ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ ያውጣው።

ፍላሽ ሲባል፣ የሾርትከት ቫይረስ ነገር አለ። ፋይሉ ሲታይ መጠኑ አንድ ሁለት ኪሎባይት ከሆነ ፋይል አይደለም፣ ቫይረሱ የሠራው ሾርትከት ነው፤ አትክፈቱት። መጫኛውን የወሰደ ሰው "ዘ ሴትአፕ ፋይልስ አር ኮራፕትድ" የሚል መልእክት ከመጣበት ደግሞ ማውረዱ ወይም መገልበጡ መሐል ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። መጠኑን ከዋናው ጋር አስተያዩ።

ሊኑክስ

ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱና ሚንት "ዴብ" የሚባለውን ፋይል ይፈልጋሉ፣ ፌዶራ "አርፒኤም"ን። ሁለቴ ተጭኖ በሶፍትዌር ማእከል መክፈት አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እንቢ ይላል፤ ስለዚህ ተርሚናሉን (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ልመዱ። ፋይሉ ያለበት አቃፊ ውስጥ ተርሚናል ክፈቱና የአፕትን (የኡቡንቱና የሚንት ፕሮግራም መጫኛ) የተለመደ ትእዛዝ፣ sudo apt install፣ ጻፉ፤ ከፋይሉ ስም በፊት ግን ነጥብና ስላሽ አስገቡ። ያቺ ነጥብና ስላሽ ከተረሳች አፕት እጃችሁ ያለውን ፋይል ትቶ በዚያ ስም ፕሮግራም ከራሱ የማከማቻ ዝርዝር ውስጥ ይፈልጋል፣ "አላገኘሁም" ብሎም ይመልሳችኋል።

ስናፕ የሚባለውን ሌላ የመጫኛ መንገድ ዳታ ለሚቆጥብ ሰው አልመክርም፤ ከፕሮግራሙ ጋር ሌላ መሠረት አብሮ ሊያወርድ ይችላል። ሚንት ላይማ ከስሪት 20 ጀምሮ ስናፕ ከመነሻው የተዘጋ ነው። ኡቡንቱ 18.04 ላይ ያላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ከወጣው 1.86 ጀምሮ አይሠራላችሁም፤ የሲስተሙ የሲ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚደገፉበት መሠረታዊ ክፍል) አሮጌ ነው፣ ፕሮግራሙ 2.28 ይፈልጋል፣ 18.04 ያለው 2.27 ነው። ሲስተሙን ከማሳደግ ሌላ መንገድ አትፈልጉ።

ማክ

በአካባቢዬ ማክ ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ ሥራውም ጥቂት ነው። የኢንቴልና የአፕል ፕሮሰሰር ልዩነት ግራ ካጋባችሁ "ዩኒቨርሳል" የሚለውን አውርዱ፤ ይከብዳል እንጂ ለሁለቱም ይሆናል። ያወረዳችሁትን ወደ አፕሊኬሽንስ አቃፊ ጎትቱት፣ ከዚያ ክፈቱት። ዳውንሎድስ ውስጥ እንዳለ ከከፈታችሁት ማክ ከተቆለፈ ጊዜያዊ ቦታ ያስኬደዋል፣ ራሱንም ማደስ አይችልም።

ከተከፈተ በኋላ ሁለት ነገር

አንደኛ፣ ፋይል ከሚለው ሜኑ "አውቶ ሴቭ"ን አብሩ። መጻፍ ካቆማችሁ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ያስቀምጣል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ያለው ሰው መብራት ሲሄድ ያመሰግነኛል።

ሁለተኛ፣ ዝመናውን ግቱት። በመጫኛ የተጫነው ቪኤስ ኮድ አዲስ ስሪት በወጣ ቁጥር ራሱ ያወርዳል፤ ሆትስፖት ላይ ከሆናችሁ ሳታውቁት ጥቅላችሁን ይበላል። ሴቲንግስ ውስጥ "አፕዴት ሞድ" ብላችሁ ፈልጉና "ማኑዋል" አድርጉት። የኤክስቴንሽኖቹ ዝመና የተለየ ነው፤ "ኤክስቴንሽንስ አውቶ አፕዴት" የሚለውንም አጥፉ። ለጎረቤት የምታድሉትን ዚፕ ከማሸጋችሁ በፊት ብታደርጉት ቅንብሩ አብሮ ይሄዳል። የሌሊት ጥቅል ስትገዙ በእጃችሁ ታድሱታላችሁ።

ፓይተን ራሱስ? ቪኤስ ኮድ መጻፊያ ነው፤ የጻፋችሁትን የሚያስኬደው ፓይተን ለብቻው ይጫናል፣ መጫኛው ከዚህኛው በጣም ያነሰ ስለሆነ በዚያው ፍላሽ አስከትሉት። ዊንዶውስ ላይ የመጫኛው የመጀመሪያ መስኮት ሲከፈት ከታች "አድ ፓይተን ቱ ፓዝ" የሚል ሳጥን አለ። እንደ ቪኤስ ኮዱ ቀድሞ ምልክት አልተደረገበትም፤ እናንተ አድርጉበት። ካለፋችሁት ተርሚናል ላይ ፓይተን ብላችሁ ስትጽፉ የማይክሮሶፍት ስቶር ገጽ ይከፈትባችኋል። ያ ከሆነ ከስቶሩ እንደገና አታውርዱ፤ ፍላሽ ላይ ያለውን መጫኛ ዳግም ክፈቱና "ሞዲፋይ" በሉት፣ በሁለተኛው ገጽ ላይ ከ"ኢንቫይሮንመንት ቫርያብልስ" ጋር ያለውን ሳጥን ምልክት አድርጉና ጨርሱ። ከዚያ ቪኤስ ኮድን ዘግታችሁ ክፈቱት፤ ሳይዘጋ አዲሱን ፓዝ አያየውም።