ለትልቅ ዳታቤዝ የክላውድ ዲስክ ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ዳታቤዝ ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ዲስኩን ማሳደግ ነው። ብሩ ይወጣል፣ ሲስተሙ ግን ያው ነው። እዚህ የማወራው አማዞን ክላውድ ላይ ስላለው ኢቢኤስ ዲስክ ነው፤ በኪራይ ሰርቨር ላይ በኔትወርክ የሚገናኝ ዲስክ ማለት ነው።

ደጋግሜ የማየውና ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ የሰርቨሩን ጣሪያ አለማየት ነው። ዲስኩ የራሱ ገደብ አለው። ሰርቨሩም ከዲስክ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ የራሱ ገደብ አለው። የምታገኙት ከሁለቱ ትንሹን ነው። አንድ ድርጅት የክፍያ ዳታቤዙን አር5.ኤክስላርጅ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ፣ 40,000 አይኦፒኤስ ያለው አይኦ2 የሚባል ውድ የኢቢኤስ ዲስክ ገዛለት። አይኦፒኤስ ዲስኩ በሰከንድ የሚያስተናግደው የማንበብና የመጻፍ ጥያቄ ብዛት ነው። ይህ ሰርቨር ግን በቋሚነት የሚችለው 6,000 ብቻ ነው። ለአጭር ጊዜ እስከ 18,750 ይወጣና ተመልሶ ይወርዳል። ትልቅ ሮቶ ሰቅሎ በግማሽ ኢንች ቧንቧ መቅዳት ማለት ነው። ለተረፈው በየወሩ በዶላር ይከፈላል፣ የሚጠቀምበት ግን የለም።

የድርጅቱ ባለሙያዎች ደግሞ ጥፋቱን ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚቀርበው ጥያቄ) ላይ ሲፈልጉ ነበር የከረሙት። ኢንዴክስ ጨመሩ፣ ሴቲንግ ቀያየሩ። የዲስኩ ግራፍ ከገደቡ በታች ስለሚታይ ማንም አልጠረጠረውም። እባካችሁ፣ ዲስክ ከመምረጣችሁ በፊት የሰርቨሩን የኢቢኤስ ሰንጠረዥ ክፈቱ። ትናንሾቹ ሰርቨሮች ላይ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፤ መነሻና ከፍተኛ። ከፍተኛው የሚያስተማምነው በ24 ሰዓት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ነው። ዕቅዳችሁን መነሻው ላይ ሥሩ።

የአጭር ጊዜ ሙከራም እንደዚሁ ያታልላል። ጂፒ2 የሚባለው የድሮው መደበኛ የኢቢኤስ ዲስክ ለእያንዳንዱ ጊጋባይት 3 አይኦፒኤስ ይሰጣል። 500 ጊጋባይት ከሆነ 1,500 ማለት ነው። ነገር ግን የተጠራቀመ ክሬዲት ስላለው እስከ 3,000 ይሮጣል። ክሬዲቱ ሲሞላ የ5.4 ሚሊዮን ጥያቄ ነው። በሙሉ ኃይል ከሠራ፣ እየተሞላም ቢሆን በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል። የ10 ደቂቃ ሙከራ ላይ ሁሉም ነገር ያምራል። የወር መጨረሻ ሥራ ሲመጣ ግን ሁለተኛው ሰዓት ላይ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት ሞክሩት።

በ2020 መጨረሻ የመጣው ጂፒ3 የክሬዲት ጣጣ የለበትም። መጠኑ ምንም ይሁን ምን 3,000 አይኦፒኤስና በሰከንድ 125 ሜጋባይት ይዞ ይነሳል፣ በጊጋባይት ዋጋውም ይቀንሳል። ዳታቤዙን ሳታቆሙ ከጂፒ2 ወደ እሱ መቀየር ትችላላችሁ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ! 5,000 ጊጋባይት የሆነ ጂፒ2 15,000 አይኦፒኤስ ነበረው። ያንኑ ዲስክ ስትቀይሩት ቁጥሩን ባትሞሉም አማዞን የነበረውን ያቆይላችኋል፤ አዲስ ጂፒ3 ዲስክ ከፍታችሁ ዳታውን ስታዛውሩ ግን ቁጥሩን ራሳችሁ ካልሞላችሁ 3,000 ብቻ ታገኛላችሁ። ለመቆጠብ ብላችሁ ዳታቤዙን ታንቁታላችሁ።

125 ሜጋባይቱንም በቀላሉ አትዩት። 1 ቴራባይት ዳታ በዚህ ፍጥነት ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ትልልቅ ሪፖርት የምታወጡ ከሆነ አይኦፒኤሱን ትታችሁ በሰከንድ የሚነበበውን ሜጋባይት ጨምሩ።

ኮሚት (ዳታቤዙ ለውጡን ዲስክ ላይ የሚያጸናበት እርምጃ) የሚዘገይባችሁ ሰዎች ደግሞ አይኦፒኤስ አትግዙ። አንድ የመጻፍ ጥያቄ 1 ሚሊሰከንድ ከፈጀ፣ ተራ ጠብቆ አንድ በአንድ የሚጽፍ ሥራ በሰከንድ ከ1,000 አያልፍም። 64,000 ብትገዙለትም ያው ነው። የሚያስፈልጋችሁ የምላሽ ጊዜው ያጠረ ዲስክ ነው፤ አይኦ2 ብሎክ ኤክስፕረስ የተሠራው ለዚህ ነው።

ከስናፕሾት (ከዲስኩ መጠባበቂያ ኮፒ) የተመለሰ ዲስክ ላይ ወዲያው ደንበኛ አታስገቡ። ዲስኩ ዝግጁ ነኝ ይላል፣ ዳታው ግን ገና ኤስ3 በሚባለው የአማዞን የፋይል ማከማቻ ላይ ነው። እያንዳንዱ ብሎክ መጀመሪያ ሲነካ ነው ከዚያ የሚመጣው። ማታ መልሳችሁ ጠዋት ሥራ ካስጀመራችሁ፣ እያንዳንዱ ኩዌሪ ያንን ጉዞ ይጠብቃል። ቀድማችሁ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አንብቡት፣ ወይም ለፈጣኑ የስናፕሾት አመላለስ ክፈሉ።

ሰርቨሩ ላይ ተገጥሞ የሚመጣው ኤንቪኤምኢ ዲስክ በጣም ፈጣን ነው፤ ግን ሰርቨሩን ስቶፕ ስታደርጉት ዳታው ይጠፋል። ብቸኛ ኮፒያችሁን እዚያ አታስቀምጡ።

መጠኑንም ለክፉ ቀን ብላችሁ ከወዲሁ አታግዝፉት። ኢቢኤስ ዲስክ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። ለማሳነስ ያለው መንገድ አዲስ ዲስክ ከፍቶ ዳታውን ማዛወር ነው፤ በብዙ ቴራባይት ዳታቤዝ ላይ ይህ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው።