አሮጌ ጌም ሲጭኑ «ዲኤልኤል የለም» ቢልዎት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጌሙ ተጭኖ አልቋል። አይከኑን ሁለቴ ሲነኩት ግን ትንሽ መስኮት ብቅ ይልና «ዲ3ዲኤክስ9_43.ዲኤልኤል ስላልተገኘ መቀጠል አይቻልም» ይላል። ዲኤልኤል ማለት ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠሩት ረዳት ፋይል ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2012 ገደማ የወጡ ጌሞችን ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ሲጭኑ ይህ በጣም የተለመደ ነው። መፍትሔው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ቀኑን ሙሉ የሚያደክመው፣ አንዳንዴም ደህናውን ኮምፒውተር የሚያበላሸው፣ መልእክቱ እንደታየ በችኮላ የሚደረገው ነገር ነው።

አንድ ነገር አስቀድመው ይያዙ፦ መልእክቱ ላይ ያለው የፋይል ስም ፋይሉ ከየትኛው ጥቅል እንደሚመጣ ይናገራል። መፈለግ ያለበት ጥቅሉ እንጂ ፋይሉ አይደለም። ስለዚህ መስኮቱን ከመዝጋትዎ በፊት ስሙን ቁጥሩ ሳይቀር ይጻፉት ወይም በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። (እዚህ የፋይሎቹን ስም የጻፍነው ሲነበቡ እንደሚሰሙት ነው፤ ስክሪኑ ላይ በላቲን ፊደል ያገኟቸዋል።)

ፋይሉን ብቻ ነጥሎ ማውረድ

ስሙን ጎግል ላይ ሲጽፉ መጀመሪያ የሚመጡት ዲኤልኤል በነጠላ የሚያድሉ ድረ ገጾች ናቸው። አይንኳቸው። ፋይሉ በማን እጅ እንዳለፈና ምን እንደተጨመረበት ማወቅ አይቻልም፤ ጌሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአድሚኒስትሬተር መብት ስለሚከፈት፣ ውስጡ የተደበቀ ቫይረስ ካለ ያንኑ መብት ያገኛል። ፋይሉ ንጹሕ ቢሆንም ችግሩ አያልቅም። አንዱን ሲያሟሉ ጌሙ ሁለተኛውን ይጠይቃል፤ ከ43 ቀጥሎ ኤክስኢንፑት1_3፣ ከዚያ ኤክስ3ዲኦዲዮ1_7 እያለ ይቀጥላል። ሁሉም በአንድ ጥቅል የሚመጡ ናቸውና።

ከዚህ የባሰው ኤምኤስቪሲአር80 እና ኤምኤስቪሲአር90 ላይ ይታያል። እነዚህ ሁለቱ ማኒፌስት ከሚባል የምዝገባ ፋይል ጋር ካልመጡ አይሠሩም። ለብቻቸው ኮፒ ተደርገው ጌሙ ፎልደር ውስጥ ሲገቡ «አልተገኘም» የሚለው መልእክት ይጠፋና በምትኩ አር6034 የሚል ኤረር ይመጣል። ሰው ያን ጊዜ ሌላ ችግር የተፈጠረ ይመስለዋል፤ ችግሩ ግን ያው የመጀመሪያው ነው።

«ዳይሬክትኤክስ 12 አለኝ» ብሎ ማለፍ

ይህ በብዛት የሚያሳስት ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። ዳይሬክትኤክስ ዊንዶውስ ላይ ጌሞች ምስልና ድምፅ የሚያወጡበት የማይክሮሶፍት ሥርዓት ነው። ዲኤክስዲያግ የሚባለውን የዊንዶውስ መመርመሪያ ከፍተው «ዳይሬክትኤክስ 12» የሚል ያያሉ፤ 12 ከ9 ስለሚበልጥ ሁሉንም የያዘ ይመስላል። ዊንዶውስ የዳይሬክትኤክስ 9ን ዋና ፋይል በእርግጥ ይዞ ይመጣል። ዲ3ዲኤክስ9 የሚባሉት ግን ረዳት ፋይሎች ናቸው፤ የሚመጡት ከጌሙ ጋር እንጂ ከዊንዶውስ ጋር አይደለም። ማይክሮሶፍት ከ2005 እስከ ሰኔ 2010 ድረስ በየጥቂት ወሩ አዲስ ቁጥር እየሰጠ ከ24 እስከ 43 አውጥቷቸዋል። በ26 የተሠራ ጌም የሚፈልገው 26ን ብቻ ነው፤ 43 አይበቃውም። 43ን ኮፒ አድርጎ ስሙን ወደ 26 መቀየርም ሌላው የተለመደ ስህተት ነው፤ ጌሙ ቢከፈት እንኳ መሐል ላይ ይዘጋል፣ ወይም ምስሉ ይበላሻል።

የሚያስፈልገው «ዳይሬክትኤክስ ኤንድ ዩዘር ራንታይምስ ጁን 2010» የሚባለው የማይክሮሶፍት ጥቅል ነው። መጠኑ 95 ሜጋባይት ገደማ ሲሆን ከ24 እስከ 43 ያሉትን ዲ3ዲኤክስ9 ፋይሎች፣ የኤክስኢንፑትና የኤክስኦዲዮ የቆዩ ፋይሎችንም ይዟል። ዳይሬክትኤክስ 12ን አይነካም፤ የጎደሉትን ብቻ ጎኑ ያስቀምጣል። ይኸው ጥቅል ዌብ ኢንስቶለር የሚባል ትንሽ አማራጭም አለው፤ ግን እያወረደ ስለሚጭን ኔትወርክ ሲቆራረጥ መሐል ላይ ይቀራል። ሙሉውን አንዴ አውርዶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ለጓደኛም ይተርፋል።

አጫጫኑ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ቦታ አለች። ያወረዱትን ፋይል ሲከፍቱት ወዲያው አይጫንም፤ «የት ልዘርግፍ?» ብሎ ፎልደር ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ዴስክቶፕን ይመርጥና ካብ የሚባሉ ከመቶ በላይ የታመቁ ፋይሎች ዴስክቶፑን ይሞሉታል፤ መስኮቱ ሲዘጋ ደግሞ ተጭኖ ያለቀ ይመስለዋል። ገና ምንም አልተጫነም። አስቀድመው ሲ ድራይቭ ላይ ባዶ ፎልደር ይፍጠሩ፣ ወደዚያ ይዘርግፉት፣ ከዚያም ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ዲኤክስሴትአፕ የሚባል ፋይል ራይት ክሊክ አድርገው በአድሚኒስትሬተር ይክፈቱት። ሲጨርስ ፎልደሩን ማጥፋት ይችላሉ።

ከማውረድዎ በፊት ግን የጌሙን ዲስክ ወይም ፎልደር ፈትሹ። «ሬዲስት»፣ «ኮመንሬዲስት» ወይም «ዳይሬክትኤክስ» የሚል ፎልደር ብዙ ጊዜ እዚያው አለ፤ ጌሙ የሚፈልገው ሁሉ ተዘጋጅቶ ተቀምጦበታል። በከንቱ የሚባክን የኢንተርኔት ፓኬጅ አይኖርም።

32 እና 64 ቢትን ማደባለቅ

ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ሁለት የሲስተም ፎልደሮች አሉት፤ ስማቸው ደግሞ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ሲስተም32 የሚባለው የ64 ቢት ፋይሎች ማስቀመጫ ነው። የ32 ቢቶቹ ያሉት ሲስዋው64 ውስጥ ነው። ሲስተም32 የሚለው ስም በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ ተጽፎ ስለነበር ሳይቀየር ቀረ። የዚያ ዘመን ጌሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም 32 ቢት ናቸው። «ኮምፒውተሬ 64 ቢት ነው» ብሎ 64 ቢቱን ፋይል አውርዶ ጌሙ ፎልደር ውስጥ የሚያስገባ ሰው የሚያገኘው 0ኤክስሲ000007ቢ የሚለውን ኤረር ነው። ትርጉሙ ባጭሩ «32 ቢት ፕሮግራም 64 ቢት ፋይል ተሰጠው» ወይም ተቃራኒው ነው።

ይህ ከደረሰብዎ በእጅዎ ያስገቧቸውን ፋይሎች ከጌሙም ከሲስተም ፎልደሮቹም መልሰው ያውጡ፤ ከዚያ ትክክለኛውን ጥቅል ይጫኑ። የተሳሳተው ፋይል ጌሙ ፎልደር ውስጥ እያለ የፈለጉትን ያህል ጥቅል ቢጭኑ ዋጋ የለውም፤ ጌሙ መጀመሪያ የሚያየው የራሱን ፎልደር ነውና።

ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስን «ተደጋግሟል» ብሎ ማጥፋት

የተጫኑ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሬዲስትሪቢዩተብል» የሚል ስም አሥር ጊዜ ሊያዩ ይችላሉ (ኤምኤስቪሲአር80ን የመሰሉ ፋይሎችን የያዘው ጥቅል ነው)። ቦታ ለማስለቀቅ የቆዩትን አጥፍቶ የመጨረሻውን ማስቀረት ትክክል ይመስላል። አይደለም። የእያንዳንዱ ዓመት ለብቻው ነው፣ አንዱ ሌላውን አይተካም። መልእክቱ ላይ «ኤምኤስቪሲ» ብሎ የሚጀምር ፋይል ካለ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር የትኛው እንደጎደለ ይነግርዎታል፦ 80 ከሆነ የ2005፣ 90 የ2008፣ 100 የ2010፣ 110 የ2012፣ 120 የ2013። 140 የሚል ከሆነ ከ2015 ወዲህ ያለው ነው፤ በአንድ ጥቅል የተጠቃለሉት እነዚህ የኋለኞቹ ብቻ ናቸው።

እያንዳንዱ ጥቅል ኤክስ86 እና ኤክስ64 በሚል ለሁለት ተከፍሎ ይቀርባል። 64 ቢት ኮምፒውተር ላይ ሁለቱንም ይጫኑ። አንዱን ብቻ መጫን ካለብዎት ለአሮጌ ጌም የሚያስፈልገው ኤክስ86 ነው፤ ሰው ግን አዘውትሮ የሚጭነው ሌላውን ነው።

ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ፣ «ኤፒአይ-ኤምኤስ-ዊን-ሲአርቲ» ብሎ የሚጀምር ስም ካያችሁ የጎደለው ዩኒቨርሳል ሲ ራንታይም ነው። መጀመሪያ ሰርቪስ ፓክ 1 መኖሩን አረጋግጡ፣ ከዚያ ኬቢ2999226 የሚባለውን አፕዴት ጫኑ።

የጌሙን የራሱን ፋይል ከዊንዶውስ መጠበቅ

ቢንክደብልዩ32፣ ኤምኤስኤስ32፣ ቮርቢስፋይል። እነዚህ የዊንዶውስ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ጌሙ ውስጥ ያሉትን ቪዲዮዎች፣ ሌሎቹ ድምፁን የሚያጫውቱ ናቸው፣ ከጌሙ ጋር ተጭነው እዚያው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። በማይክሮሶፍት ጥቅል ውስጥ ቢፈልጓቸው አይገኙም። ከሌላ ጌም ወስዶ ማስገባትም አያዋጣም፤ ስሙ አንድ ቢሆንም ቨርዥኑ ስለሚለያይ «ፕሮሲጀር ኤንትሪ ፖይንት አልተገኘም» የሚል ሌላ መልእክት ይተካል።

የሚጠፉት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ጌሙ በሴትአፕ ሳይጫን ከሰው ኮምፒውተር ላይ ፎልደሩ እንዳለ በፍላሽ መጥቶ ሲሆን፣ ኮፒው መሐል ላይ አንዳንድ ፋይሎችን ይዘላል፤ ሬጂስትሪ ውስጥ የሚገባው ምዝገባና ከላይ ያልናቸው ጥቅሎችም አብረው አይመጡም። ሁለተኛው አንቲቫይረስ ነው። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ፕሮቴክሽን ሂስትሪ» የሚለውን ከፍተው ፋይሉ ተይዞ እንደሆነ ይመልከቱ። ከዋናው ዲስክ የመጣ ፋይል ከሆነ መመለስ ይችላሉ። የተያዘው የክራክ ፋይል ከሆነ ግን ንጹሕ ይሁን አይሁን የሚያረጋግጥልዎ ስለሌለ አይመልሱት፤ አንቲቫይረሱን ጨርሶ ማጥፋት ደግሞ በፍጹም።

ዩንአርክ ዲኤልኤልን እንደጎደለ መቁጠር

በጣም ተጨምቀው የተዘጋጁ ጌሞች ሲጫኑ 60 ወይም 80 በመቶ ላይ «አይኤስደን.ዲኤልኤል» እና «ዩንአርክ.ዲኤልኤል» የሚሉ ስሞች ያሉበት ኤረር ይመጣል። ዲኤልኤል የሚለውን ቃል ያየ ሰው ፋይሉን ፍለጋ ይሄዳል። እዚህ ግን ምንም የጎደለ ፋይል የለም። ዩንአርክ የሚፈታው ፕሮግራም ራሱ ነው፤ «መፍታት አቃተኝ» እያለ ነው። ያቃተው ወይ የመጣው ቅጂ ተበላሽቶ፣ ወይ ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ፣ ወይ ራም አንሶ ነው።

መጀመሪያ ቅጂውን ከምንጩ ጋር በመጠን ያነጻጽሩ። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት አድርገው እንደገና ይቅዱ። ቀጥለው የሚጫንበት ድራይቭ ላይ ከጌሙ መጠን በላይ ነጻ ቦታ መኖሩን ያረጋግጡ፣ ብራውዘሩን ይዝጉ። ራሙ 4 ጊጋባይትና ከዚያ በታች ከሆነ ቨርቹዋል ሜሞሪውን ከፍ ያድርጉ።

ለሌሎች ስሞች የተሳሳተ ጥቅል መጫን

መልእክቱ «ፊዝኤክስሎደር» የሚል ከሆነ የሚያስፈልገው የኤንቪዲያ «ፊዝኤክስ ሌጋሲ» 9.13.0604 ነው፤ የኤኤምዲ ግራፊክስ ያለው ኮምፒውተርም ላይ ይጫናል። ዲፕሌይኤክስ ካለ ምንም አይወርድም፤ «ዊንዶውስ ፊቸርስ» ውስጥ ገብተው ሌጋሲ ኮምፖነንትስ ሥር ያለውን ዳይሬክትፕሌይን ምልክት ማድረግ ይበቃል። ጌሙ ዶት ኔት 3.5ን ከጠየቀም የሚበራው ከዚያው ነው። ኤክስላይቭ ካለ ደግሞ ጌሙ ጌምስ ፎር ዊንዶውስ ላይቭን (የማይክሮሶፍት የቆየ የጌም አገልግሎት) ይፈልጋል፤ ጂቲኤ 4 የዚህ ምሳሌ ነው፣ በ2020 የወጣው ኮምፕሊት ኤዲሽን ግን ይህን ፋይል አይጠይቅም።

ሬግኤስቪአር32፣ ኤስኤፍሲ፣ ፎርማት

ሬግኤስቪአር32 የሚባለው ትእዛዝ ዊንዶውስ ውስጥ የሚመዘግበው ለመመዝገብ የተሠሩ ፋይሎችን ብቻ ነው፤ ዲ3ዲኤክስ9 ላይ ቢሞክሩት ሌላ ኤረር ይሰጥዎታል እንጂ አይጠቅምም። ኤስኤፍሲ የሚባለው ሌላው ትእዛዝ የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች ይጠግናል፣ ከጌም ጋር የሚመጡትን አያውቃቸውም። ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ደግሞ ከሁሉም የሚያሳዝነው ነው፦ አዲስ ዊንዶውስ ላይ እነዚህ ጥቅሎች ጭራሽ የሉም፤ ስለዚህ ያው መልእክት ይመለሳል፣ የጠፋው ፎቶና ሰነድ ግን አይመለስም።

የማይጫነውን በግድ ለመጫን መታገል

ሁለት ዓይነት ጌሞች በየትኛውም ዲኤልኤል አይድኑም። የመጀመሪያዎቹ በዊንዶውስ 95 ዘመን የወጡ፣ ሴትአፓቸው 16 ቢት የሆነ ነው፤ 64 ቢት ዊንዶውስ ይህን በአብዛኛው አይከፍትም። ሁለተኛዎቹ ዲስካቸው ሴፍዲስክ በሚባል የቅጂ መከላከያ የተቆለፈ ነው። ሴፍዲስክ የሚሠራው ሴክድራይቭ በሚባል ድራይቨር ሲሆን፣ የደኅንነት ቀዳዳ ስለነበረው ማይክሮሶፍት በ2015 ከዊንዶውስ 10 አስወጥቶታል፤ በቆዩት ዊንዶውሶች ላይም በዚያው ዓመት መስከረም በወጣ አፕዴት ዘግቶታል። ይህን ድራይቨር ከሌላ ቦታ አምጥቶ መጫን ያንን ቀዳዳ በገዛ እጅ መክፈት ነው። ጌሙ ጂኦጂ በሚባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ካለ ያለ ዲስክ ቁልፍ ይሸጣል፤ ከሌለ ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ውስጥ 32 ቢት ዊንዶውስ ኤክስፒ ጭነው፣ ኢንተርኔቱን ዘግተው እዚያ ይጫወቱት። የዚያን ዘመን ቀለል ያሉ ባለ ሁለት ገጽታ ጌሞች እዚያ በደንብ ይሄዳሉ፤ ከባድ 3ዲ ያላቸው ግን ይጎተታሉ።