የሌሶቶንና የኢስዋቲኒን የፋብሪካ ምርት ከዓመት ዓመት ለማነጻጸር

ደሴ ላይ ኢኮኖሚክስ የሚማሩ ወጣቶች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የትኞቹን ትንንሽ የአፍሪካ አገሮች ቢያነጻጽሩ እንደሚሻል ሲጠይቁኝ የምመርጥላቸው ሌሶቶንና ኢስዋቲኒን ነው። ሁለቱም ወደብ የሌላቸው፣ ንጉሥ ያላቸው የደቡብ አፍሪካ ጎረቤቶች ናቸው፤ የሌሶቶ ሕዝብ ከ2 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጣል፣ የኢስዋቲኒ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ነው። የሌሶቶ ገንዘብ ሎቲም ሆነ የኢስዋቲኒው ሊላንጌኒ ከደቡብ አፍሪካ ራንድ ጋር አንድ ለአንድ የታሰሩ በመሆናቸው የአንዱን ገንዘብ ወደ ሌላው መመንዘር አያስቸግርም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ ይወሰን። ሰኞ ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ የ600 ብር ጨርቅና የ50 ብር ክርና ቁልፍ ገዝቶ የሰፋውን ልብስ በ1,000 ብር ቢሸጥ፣ በአገር ምርት ላይ የጨመረው 350 ብር እንጂ 1,000 ብር አይደለም፤ እሴት ጭማሪ የሚባለውም ይኸው ነው። የሌሶቶ ልብስ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጨርቅ ከውጭ ስለሚያስገቡ፣ የአንዱን አገር የወጪ ንግድ ከሌላው እሴት ጭማሪ ጋር ማስተያየት ፈጽሞ አይገባም። በዓለም ባንክ ሠንጠረዥ ላይም «ኢንዱስትሪ» የሚለው ዓምድ ማዕድንን፣ ግንባታንና መብራትን ስለሚጠቀልል፣ መወሰድ ያለበት «ማኑፋክቸሪንግ» (የፋብሪካ ምርት) የሚለው ነው። የሌሶቶ አልማዝ ከዚህ ውጭ ነው፤ የኢስዋቲኒ ሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ሳለ ግብርና፣ ፋብሪካ ገብቶ ስኳር ሲሆን ግን ማኑፋክቸሪንግ ነው። ኢስዋቲኒ እስከ 2018 ስዋዚላንድ ስትባል ስለቆየች የቆዩ ሰነዶች በዚያ ስም ይፈለጉ።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በዶላር ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማየት ያሻል። አንድ ተማሪ የሌሶቶ ፋብሪካዎች ምርት ከ2002 እስከ 2004 ባሉት ዓመታት ሽቅብ እንደተተኮሰ የሚያሳይ፣ በዶላር የተሠራ ሥዕል ይዞልኝ መጣ። በ2002 አንድ ዶላር በአማካይ 10.5 ራንድ፣ በ2004 ግን 6.45 ራንድ ገደማ ነበር፤ ስለዚህ በሁለቱም ዓመታት አንድ ቢሊዮን ሎቲ የሚያወጣ ምርት አንድ ሸሚዝ ሳይጨመርበት ከ95 ሚሊዮን ዶላር ወደ 155 ሚሊዮን ዶላር ያደገ ይመስላል። ለጊዜ ንጽጽር በአገሩ ገንዘብና በቋሚ ዋጋ፣ ማለትም የአንድ መነሻ ዓመት ዋጋ ለሁሉም ዓመታት ተይዞ የተሰላውን መውሰድ ይገባል፤ የወቅቱ ዋጋ፣ ማለትም የየዓመቱ የራሱ ዋጋ የሚጠቅመው ማኑፋክቸሪንግ ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት ያለውን ድርሻ ለማየት ነው። የመነሻ ዓመቱ መሐል ላይ ተቀይሮ ከሆነ፣ አሮጌውና አዲሱ ተከታታይ መረጃ በጋራ ያላቸውን ዓመት ፈልጎ አዲሱን ለአሮጌው በማካፈል በሚገኘው ቁጥር የአሮጌዎቹን ዓመታት መረጃ ሁሉ ማባዛት ነው።

ከዚያ የሁለቱንም አገር የመጀመሪያ ዓመት 100 አድርጎ ሌሎቹን በዚያ ልክ ማስላት ነው። በ10 ዓመት ከ100 ወደ 200 የደረሰ ምርት በየዓመቱ ያደገው 7.2 በመቶ ነው፤ 100ን ለ10 አካፍሎ 10 በመቶ ማለት ስህተት ነው።

መስመሮቹ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ ምክንያት ይፈለግ። የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ የፈቀደው የአሜሪካ ሕግ፣ አጎዋ፣ በ2000 ጸደቀ፤ በ2005 መጀመሪያ የዓለም የጨርቃ ጨርቅ ኮታ ተነሳና የእስያ አምራቾች ገበያውን አጥለቀለቁት፤ ስዋዚላንድ በ2015 ከአጎዋ ወጥታ በ2018 ተመለሰች። በ2022 ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትወጣ በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ የወደቀውን ሥጋት ያየ የወሎ ተማሪ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ከምርቱ ጎን የሠራተኛ ቁጥር ዓምድ እንዲቀመጥ አጥብቄ እጠይቃለሁ። በኢስዋቲኒ የኮካ ኮላ መጠጥ የሚዘጋጅበትን ውህድ የሚያመርተው ፋብሪካ በጥቂት ሰው እጅግ ከፍተኛ እሴት ሲያስመዘግብ፣ በሌሶቶ ዋና ከተማ በማሴሩ ስፌት ቤቶች ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች በአነስተኛ ደመወዝ ኖረዋል። የምርት መስመሩን ብቻ ያየ ሰው እነዚህን ሴቶች አያገኛቸውም።